ቤትን ስለ ማሞቅና ስለ ማገዶ አያያዝ

ለሰው ልጅ ኑሮ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ይልቁንም በደጋ አገር ለሚኖር ሰው እሳት የማይነድድበት ቤት እንደ ቤት አይቈጠርም። ነገር ግን እሳት በሚገባ የያዘውን ይጠቅመዋል፤ ጠባዩን ሳያውቅ የቀረበውን ግን ይጎዳዋል። ስለዚህ እሳት ምን እንደ ሆነ፥ ማገዶም እንዴት እንደሚነድድ፥ ቤትም ያለ ጉዳት እንዴት እንደሚሞቅ ማወቅ ለያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚያስፈልግ ትምህርት ነው።

የደጋ ብርድ ከወዴት እንደሚመጣ

ለሚ በሰሜን ሸዋ፥ በእንሳሮ ወረዳ፥ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጀማም ወደ ዓባይ የሚገባ ታላቅ ወንዝ ነው። ከደጋው ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሸለቆው የወረደ ሰው ካባውን አውልቆ በትከሻው ይይዛል፤ ማታ ወደ ላይ ሲመለስ ግን መልሶ ይደርበዋል። ፀሐይዋ አንዲት ስትሆን ብርዱና ሐሩሩ እንዲህ የተለያየበት ምክንያት የቦታው ከፍታ ነው። ሰው 1000 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር አየሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆንዋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፥ ሰማዩ ጥርት ሲል፥ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቅና ውርጭ ይወርዳል። ደመና ባለበት ሌሊት ውርጭ የማይወርደውም ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድርን ሙቀት ስለሚከለክል ነው።

ስለዚህ የደጋ ባላገር ከጥንት ጀምሮ ብርድን የሚከላከልበትን ብልኀት አበጅቷል። ግድግዳውን በወፍራም ድንጋይ ይሠራል፤ ከብቶቹን ሌሊት ከቤቱ ያስጠጋል፤ ከበግ ጠጉር ባናና በርኖስ ያሠራል፤ በቤቱም መካከል እሳት አንድዶ ቤተ ሰቡን በዙሪያው ይሰበስባል።

ማገዶ ሲያልቅ የሚመጣው ጉዳት

በድሮ ዘመን የነገሥታት ከተማ ከስፍራ ወደ ስፍራ ከሚዛወርባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ ማለቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ተመናመነ፥ ከተማይቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ነገር ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ተተክሎ ቶሎ ቶሎ እያደገ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሰጠ። ከተማይቱም በስፍራዋ እንድትጸና ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ዛፉም ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ብሎ ጠራው።

ከተማ ማገዶ ሲያልቅበት ይዛወር ነበር፤ ገበሬ ግን እርሻውን ተሸክሞ ሊሄድ አይችልም። እንጨት ሲያጣ እበቱን ጠፍጥፎ ኩበት ያደርግና ያነድደዋል። ኩበት ይነድዳል፥ ቤትም ያሞቃል፤ ነገር ግን ዋጋው ብዙ ነው። እበት በእርሻ ላይ ቢበሰብስ ኖሮ ናይትሮጅን የሚባለውን የሰብል ምግብ ለመሬቱ ይሰጥ ነበር፤ አፈሩንም አላልቶ ውሃ እንዲይዝ ያደርገው ነበር። በእሳት ሲቃጠል ግን ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ወደ አየር ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያላላውም ብስባሽ ይጠፋል፤ አመድ ብቻ ይቀራል። አመድም ፖታሲየምና ፎስፎረስ ስላለበት ለጓሮ አትክልት ይጠቅማል እንጂ የጠፋውን ሁሉ አይተካም። እንግዲህ በክረምት ኩበት የሞቀ ገበሬ በመኸር የእህሉን ጥቂት አነደደ ማለት ነው።

እንጨት እንዴት እንደሚነድድ

ብዙ ሰው እንጨት እንዲሁ በአንድ ጊዜ የሚነድድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በሦስት ደረጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያ እሳቱ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ያተንናል። ሁለተኛ፥ እንጨቱ ሲግል ከውስጡ የሚነድድ እንፋሎት ይወጣል፤ ነበልባል ተብሎ የሚታየውም ይህ እንፋሎት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሲቃጠል ነው። ሦስተኛ፥ እንፋሎቱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የቀረው ከሰል ፍም ሆኖ ያለ ነበልባል ይነድዳል።

እንፋሎቱ በቂ አየር ወይም በቂ ግለት ሲያጣ ሳይቃጠል ያመልጣል፤ እርሱም ጢስ ይባላል። ስለዚህ ጢስ ከማገዶው ውስጥ ሳይነድድ የጠፋ ሀብት ነው። ይህንም ተማሪው በመምህሩ ፊት በጧፍ ሊፈትነው ይችላል። ጧፉን አብርቶ ጥቂት ከቈየ በኋላ እፍ ብሎ ያጥፋው፤ ወዲያው ነጭ ጢስ ይወጣል። የክብሪት እሳት ወደ ክሩ ሳይነካ ከጢሱ ላይ ቢያስጠጋ እሳቱ በጢሱ ላይ ወርዶ ጧፉን መልሶ ያበራዋል። በዚህ ጢሱ ራሱ የሚነድድ ነገር መሆኑ ይታወቃል።

የእንጨት እርጥበትም እንዲሁ ሊታሰብ ይገባል። አሁን ከተቈረጠ እንጨት ግማሽ ያህሉ ክብደት ውሃ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 4 ኪሎ እርጥብ እንጨት ተሸክማ የመጣች ልጅ 2 ኪሎ ውሃ ተሸክማለች። አንድ ኪሎ የፈላ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሚፈጀው ሙቀት ያንኑ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚበቃው ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ እርጥብ እንጨት የሚያነድድ ሰው የእሳቱን ብዙ ክፍል ቤት ለማሞቅ ሳይሆን ውሃ ለማትነን ያውለዋል። እሳቱም ስለማይግል ጢሱ ይበዛል።

ከዚህ የተነሣ የደኅና እሳት ሕግ አራት ነው፤ ማገዶው የደረቀ ይሁን፤ በቀጭኑ የተፈለጠና መጠኑ የተካከለ ይሁን፤ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ አየር ከበታች ይግባለት።

በውጭ አገር ስላለው እንክብል ማገዶ

ከእንጨት ደን ጋር ብርድ በበዛባቸው አገሮች እነዚህን አራት ሕግጋት በአንድ መሣሪያ ለማሟላት ብዙ ዘመን ተደክሟል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1744 ስለ ብረት ምድጃ ጽፎ በማሳተም፥ ሙቀቱ ሁሉ በጢስ መውጫ እንዳያመልጥ የሚያደርግ ብልኀት ለሕዝቡ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የነዳጅ ዘይት ዋጋ በዓለም ላይ እጅግ በተወደደ ጊዜ፥ ሰዎች ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤት የሚጣለውን ሰጋቱራ ለማሞቂያ ሊያውሉት አሰቡ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካና በስዊድን ሰጋቱራውን እየጠቀጠቁ ፔሌት የሚባል ማገዶ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። ፔሌት ማለት የእንክብል መልክ ያለው ትንሽ ማገዶ ስለ ሆነ፥ እንክብል ማገዶ ሊባል ይችላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሰጋቱራው ከ100 እጅ 10 እጅ ያህል ብቻ ውሃ እስኪቀርበት ድረስ ይደርቃል። ከዚያም በታላቅ ኀይል ብዙ ቀዳዳ ባለው የብረት ወንፊት ውስጥ ይገፋል። በመፋተጉ ሲግል በእንጨት ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባለው ነገር ለስልሶ እንደ ሙጫ ያያይዘዋል፤ ሲበርድም ይጠነክራል። ስለዚህ ለማጣበቂያ ሌላ ነገር መጨመር ግድ አይሆንም። የእንክብሉ ውፍረት 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ነው። ተበትኖ የነበረው ሰጋቱራም ሲጠቀጠቅ የሚይዘው ቦታ ወደ ሲሶው ስለሚቀንስ ለማጓጓዝና ለማከማቸት ይመቻል።

ምድጃውም ከላይ እንደ ጎተራ ያለ ማጠራቀሚያ አለው። ከበታቹ በኤሌክትሪክ የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት እንክብሉን ጥቂት በጥቂት እየወሰደ ወደ ትንሽ የእሳት ጽዋ ይጥለዋል። ጽዋው ቀዳዳ ስላለው ማራገቢያ አየር ከበታች ይነፋበታል። ጢሱ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቤቱ አየር ደግሞ በጋለው ብረት ዙሪያ እያለፈ ሞቆ ይመለሳል እንጂ ከጢሱ ጋር አይቀላቀልም። አንድ ኪሎ ደኅና እንክብል ማገዶ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል በላይ ሙቀት አለው። ደኅና ምድጃም ከዚህ ከ100 እጅ 70 እስከ 80 እጅ ያህሉን ለቤቱ ይሰጣል። ጥሩ ከተባለው የእንጨት እንክብል 100 ኪሎ ቢነድድ አመዱ 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ ጉድለትም አለበት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጠመዝማዛውም ማራገቢያውም ስለሚቆሙ ምድጃው ሥራውን ያቆማል። እንክብሉ ውሃ ከነካው ፈርሶ እንደ ቀድሞው ሰጋቱራ ይሆናል። በብዛት የተከማቸበትም ዝግ ጎተራ መርዛም አየር ሊጠራቀምበት ስለሚችል ሳያናፍሱት አይገባበትም። ምድጃውና መጠቅጠቂያው መኪናም ዋጋቸው ከባድ ነው። ስለዚህ ለገጠር ቤት መሣሪያውን እንዳለ ከመመኘት ይልቅ የተመሠረተባቸውን አራት ሕግጋት በእጅ ባለው ነገር መፈጸም ይቀላል።

ደግሞም በገጠር ሁሉ ገለባና ጭድ ማገዶ ይሁን ማለት አይገባም። የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይመረግበታል። ተጠቅጥቆ ሊነድድ የሚገባው ሌላ ጥቅም የሌለው ትራፊ ነው። ከዚህም አንዱ ከከሰል ማዳበሪያ ሥር የሚቀረው ደቃቅ ነው። ይህ ደቃቅ በጥቂት የሸክላ ጭቃ ተለውሶ፥ በእጅ ተድቦልቡሎ በፀሐይ ቢደርቅ እንደ ከሰል ይነድዳል። አደጋውም እንደ ከሰል ስለ ሆነ ከዚህ በታች የተነገረው ጥንቃቄ ሁሉ ለእርሱም ያስፈልጋል።

ስለ ጢስና ስለ ከሰል አደጋ

በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተ ሰብ ዘጠኙ ያህል ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፥ በከሰል ወይም በኩበት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድድ እሳት ጢሱን በቤት ውስጥ ይለቃል። ጣራውን ያጠቈረው ጥቀርሻ በእናቲቱና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥም ይገባል። ዐይን ይመልጣል፥ ሳል ያመጣል፥ ሕፃናትንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከዚህም ውስጥ ከ237 ሺሕ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ከጢሱም ይልቅ የሚያስፈራ ሌላ ጠላት አለ። ከሰል ሲቀጣጠል ጢሱ ስለማይታይ ብዙ ሰው ንጹሕ ይመስለዋል። በብርድ ሌሊት ፍሙን በማንደጃ አድርጎ ወደ መኝታ ቤት ያስገባና በሩን ዘግቶ ይተኛል። ነገር ግን ፍም በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም። በትንፋሽ ገብቶ ከደም ጋር ሲገናኝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ በደም ስለሚያዝ፥ ሰውነት ኦክሲጅን ያጣል። ሰውዬው አስቀድሞ ራሱን ያመዋል፤ ያጥወለውለዋል፤ ጕልበቱ ይከዳዋል። ተኝቶ እንደ ሆነ ግን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ይቀራል። በማለዳ በሩ ሲከፈት ቤተ ሰቡ በሙሉ ሞቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። በከሰሉ ላይ ዕጣን ማጤስም ሆነ በቤቱ ውስጥ ውሃ ማስቀመጥ ይህን መርዝ አያጠፋውም።

ስለዚህ በሚከተሉት መጠንቀቅ ይገባል።

1ኛ፥ ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፤ ፍም በቤት ሳለም በርና መስኮት ፈጽሞ አይዘጋ።

2ኛ፥ ሰው ሊተኛ ሲል ፍሙ ከቤት ይውጣ። አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ አይደለም፤ በረመጥ ውስጥም ሆኖ መርዙን ያወጣል።

3ኛ፥ በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸውና ቢያጥወለውላቸው፥ ፈጥነው ወደ ደጅ ይውጡ።

4ኛ፥ የተዝለፈለፈ ሰው ቢገኝ በሩ ይከፈት፤ በሽተኛው ወደ ንጹሕ አየር ይወሰድ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

5ኛ፥ ምድጃ ባለበት ቤት ሕፃን ብቻውን አይተው።

ቤትን በጥቂት ማገዶ ስለ ማሞቅ

ሙቀትን መጠበቅ ሙቀትን ከመጨመር ይቀድማል። ውሃ በተቀደደ አቍማዳ እንደማይቈይ፥ ሙቀትም ቀዳዳ በበዛበት ቤት አይቈይም። የሣር ክዳን በሣሩ መካከል ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀትን ያቈያል። ቆርቆሮ ግን ዝናብን ደኅና አድርጎ ቢከለክልም ሙቀትን ቶሎ ያሳልፋል። ስለዚህ የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ከበታቹ ኮርኒስ ቢያበጅ የቤቱ ሙቀት ይጨምራል። የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃና በጭድ ይመረግ፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተትም ይደፈን። ነገር ግን እሳት የሚነድድበት ቤት ከጣራው አጠገብ የጢስ መውጫ፥ ከበታችም የአየር መግቢያ ሳይኖረው አይቅር። ቀን ፀሐይ ሲወጣ መስኮት መክፈት፥ ፀሐይ ሳይጠልቅ መዝጋት ያለ ዋጋ የሚገኝ ሙቀት ነው።

ስለ ምድጃም እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ምርጥ የተባለ የእንጀራ ምድጃ ተሠርቶ ለሕዝብ ቀረበ። ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተዋሕዶ በቅርጽ ይሠራል። እሳቱን በዙሪያው ስለሚከብብ ነፋስ አይበትነውም። በሚገባ ከተያዘም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቈጥባል። ከሰል ለሚያነድዱም በዚያው ዘመን ላቀች የተባለው ምድጃ ወጥቷል። ሲሚንቶውም ለለሚ ሰው የሩቅ አገር ዕቃ አይደለም፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያው አጠገብ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «እሳቱ የተከበበ ምድጃ እንደ ሦስት ጉልቻ ቤት አያሞቅም» ብሎ ይነቅፋል። ነቀፋውም ከንቱ አይደለም፤ ክፍት እሳት ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ቶሎ ያሞቃል። ነገር ግን የሰውዬው ፊት ሲሞቅ ጀርባው ይበርደዋል፤ አብዛኛውም ሙቀት ከጢሱ ጋር በጣራ ይወጣል። ወፍራም ምድጃ ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላም የሰበሰበውን ሙቀት ጥቂት በጥቂት እየሰጠ ይቈያል። ከማገዶውም የተረፈው ለሌላ ቀን ብርድ ይሆናል።

እንጨትም ከክረምት አስቀድሞ ተፈልጦ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ዝናብ በማያገኘው ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይደርደር። እንዲህ ሆኖ የከረመ እንጨት ሲጋጭ ይጮኻል፤ እርጥቡ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ባሕር ዛፍም ውሃ የሚስብ ስለ ሆነ ከእርሻና ከምንጭ ርቆ ይተከል። ኩበት የሚያነድድ ቤተ ሰብ ቢያንስ የእበቱን ግማሽ ለእርሻው ይተው፤ በየዓመቱም ዛፍ እየተከለ ኩበቱን ጥቂት በጥቂት በእንጨት ይተካ።

እንግዲህ የቤት ሙቀት የሚገኘው በማገዶ ብዛት ብቻ አይደለም። ማገዶውን ያደረቀ፥ እሳቱን የከበበ፥ ጢሱን ያስወጣ፥ ቀዳዳውን የደፈነ ሰው በጥቂቱ ይሞቃል። ፍሙን አስወጥቶ የተኛም ከነልጆቹ በጤና ይነጋለታል። ይህን ትምህርት የተማረ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለእናቱና ለአባቱ በትሕትና ይንገራቸው፤ ፍሙንም ወደ ደጅ ለማውጣት እርሱ ቀድሞ ይነሣ።

ጥያቄዎች

1ኛ፥ ጢስ ምንድር ነው? በጧፍስ እንዴት ይፈተናል?

2ኛ፥ እርጥብ እንጨት ሙቀቱ ስለ ምን ያንሳል?

3ኛ፥ ኩበት ሲነድድ እርሻ ምን ያጣል?

4ኛ፥ እንክብል ማገዶ ያለ ሙጫ እንዴት ይያያዛል?

5ኛ፥ ፍም በዝግ ቤት ውስጥ ስለ ምን ይገድላል? ከመኝታ በፊትስ ምን ማድረግ ይገባል?